የወርቅ ማሽን ኮይል እንዴት ይመረጣል? ከመርካቶ ሳትወጡ ማወቅ ያለባችሁ

መርካቶ ገብታችሁ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ኮይል ስትጠይቁ ቶሎ የምትሰሙት ነገር "ትልቁን ውሰዱ፣ ጥልቅ ይገባል" የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ትልቅ ኮይል ትልቅ ነገርን ከጥልቀት ያገኛል። ግን አሶሳ ወይም ሻኪሶ ወርዳችሁ የምትፈልጉት ትንንሽ ጠጠር ወርቅ ከሆነ፣ ያው ትልቅ ኮይል ከላዩ አልፎ ሊሄድና ጭራሽ ላይጮህ ይችላል። ሰው እቁቡን አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ውድ ማሽን ገዝቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ ይሄዳል። ማሽኑ ምንም ሳይሆን፣ ኮይሉ ከአፈሩ ጋር ስላልተስማማ ብቻ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይሄ በጣም ያሳዝናል፤ አዲስ አበባ እያላችሁ በጥቂት ሰዓት ሥራ ልታስቀሩት የምትችሉት ነገር ነውና።

ኮይል የምንለው ማሽኑ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ወይም ሞላላ ሳህን ነው። ውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ማሽኑ በሽቦው ውስጥ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ በዚህ የተነሳ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ መሬት ውስጥ ያለ ወርቅ፣ መዳብ ወይም ብረት ሲያገኝ እዚያ ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰቶችን ያስነሳል። እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ደካማ መስክ መልሰው ይልካሉ። ኮይሉ ያንን ይሰማና ማሽኑ ይጮኻል። ማሽኑ የሚሰማው ኮይሉ የሰማውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ማሽናችሁን እወቁ

ኮይል እንደ ጎማ በቁጥር ብቻ አይገዛም። የማሽኑን ሙሉ ስምና ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከተቻለ የሶኬቱን ፎቶ አንሱ። "ማይንላብ ነው" ብሎ የአምራቹን ስም ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም።

በገበያው የምታገኟቸው ማሽኖች በሁለት ትልልቅ ቤተሰብ ይከፈላሉ። አንደኛው ቪኤልኤፍ ይባላል። ያለማቋረጥ በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ይልካል፣ እኩል ያዳምጣል። ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎኸርዝ፣ የቱርኩ ኖክታ ጎልድ ፋይንደር 2000 በ61፣ ፊሸር ጎልድ ባግ 2 በ71 ይሠራሉ። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ለጥቃቅን ወርቅ ያለው ስሜት ይጨምራል። ግን አፈሩ ብረትነት ካለው ይረበሻል።

ሁለተኛው ፒአይ ነው፣ ፐልስ ኢንዳክሽን። አጭር ምት ይልካል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ያዳምጣል። የማይንላብ ጂፒኤክስ 4500 እና 5000 ከዚህ ወገን ናቸው። ቀይና ብረትነት የበዛበት አፈር ላይ ከቪኤልኤፍ በጣም ይሻላሉ። በሌላ በኩል ሚስማርን ከወርቅ የመለየት አቅማቸው ደካማ ነው።

የአንዱ ቤተሰብ ኮይል ለሌላው አይሆንም። ሶኬቱ ቢገባ እንኳ አይሠራም፤ ምናልባትም ማሽኑን ይጎዳል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ልዩነት አለ። የማይንላብ ኤስዲ፣ ጂፒ እና ከ4000 እስከ 5000 ያሉት ጂፒኤክሶች ኮይል ይዋዋሳሉ። ጂፒኤክስ 6000 ግን የራሱን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ጂፒዜድ 7000ም እንደዚያው። ኤስዲሲ 2300 ደግሞ ኮይሉ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ አይቀየርም። ስለዚህ አንድ ሰው "ለኤስዲሲ የሚሆን ትልቅ ኮይል አለኝ" ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

አፈሩን አስመጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የማስቀድመው ይሄን ነው። የምትሄዱበት አካባቢ ሰው አላችሁ? አዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ፌስታል አፈርና አምስት ስድስት ድንጋይ ይዞላችሁ ይምጣ። ብዙ አይከብድም።

አንድ ማግኔት ፈልጉ። የተበላሸ ስፒከር ውስጥ ያለው ይበቃል። በስስ ፌስታል ጠቅልሉትና ደረቁ አፈር ውስጥ አገላብጡት። ጥቁር አሸዋ ተሰብስቦ ከተጣበቀበት አፈሩ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለው ማለት ነው። በብዛት ከተጣበቀ ቪኤልኤፍ ማሽን እዚያ ይቸገራል፣ ትልቅ ኮይል ደግሞ የበለጠ ይቸገራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኮይሉ በሰፋ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚያየው አፈር ይበዛል፣ የሚሰማው የአፈር ጩኸትም አብሮ ይበዛል።

ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ ኮይሉ ፊት አሳልፏቸው። ወርቅ ሳይኖራቸው የሚጮኹ ድንጋዮች አሉ። አካባቢው በእንደነዚህ የተሞላ ከሆነ አነስ ያለ ዲዲ ኮይል ያስፈልጋችኋል፤ ዲዲ ምን እንደሆነ ወደ ታች አስረዳለሁ።

አፈር የሚያመጣላችሁ ሰው ከሌለ ለልምምድ የአዲስ አበባ ጥቁር ድንጋይ አለላችሁ። ለቤት መሠረት የሚገባው ያ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ማግኔታይት ያለበት። ማሽኑን አብርታችሁ በላዩ አሳልፉትና ስሙት። "የሚጮህ መሬት" የሚባለው ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሜዳ ሳትወርዱ ጆሯችሁ ይለምደዋል።

መጠን፦ ትልቅ ወይስ ትንሽ?

ለምን ትልቅ ኮይል ትንሽ ወርቅ ያመልጠዋል? መስኩን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትነው ነው። ሰፊ ዓይን ባለው ወንፊት ጤፍ እንደመንፋት ነው። መጠኑ ትልቅ የሆነውን ይይዛል፣ ደቃቁ ያልፋል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ጥልቀት ነው። ኮይሉን እጥፍ ብናደርገው ጥልቀቱ እጥፍ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይሆንም። ከወርቁ ተመልሶ የሚመጣው ምልክት ከርቀት ጋር በሚያስደነግጥ ፍጥነት ይደክማል፤ ከኮይሉ ራቅ ብሎ ላለ ትንሽ ነገር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ እስከ 64 እጥፍ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከ11 ኢንች ወደ 18 ኢንች ስትሄዱ የምታተርፉት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያውም ነገሩ ትልቅ ከሆነ። የምትከፍሉት ዋጋ ደግሞ ክብደቱ፣ ጩኸቱና ያመለጣችሁ ትንሽ ወርቅ ነው።

በተግባር እንዲህ አስቡት። ከ5 እስከ 8 ኢንች ያለው፣ ማለትም ከ13 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ለጥቃቅን ወርቅ፣ ለድንጋያማ ቦታ፣ ቁጥቋጦ ለበዛበት ወንዝ ዳርና ቀድሞ ለተቆፈረ አፈር ክምር ነው። የመጀመሪያ ኮይላችሁን ለጎልድ ሞንስተር የምትመርጡ ከሆነ ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን 5 ኢንች ክቡን አትናቁት። ብዙ ሰው ሞላላውን 10 በ6 ገጥሞ ትንሹን ከካርቶኑ እንኳ አያወጣውም። ድንጋይ መሀል ግን ትንሹ ነው የሚገባው።

ከ10 እስከ 12 ኢንች ያለው መካከለኛ ነው። አንድ ኮይል ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ እዚህ ውስጥ ቆዩ። ለጂፒኤክስ 11 ኢንች ሞኖ ወይም ዲዲ ብላችሁ ጀምሩ፤ ልዩነታቸው ከታች አለ።

ከ14 እስከ 18 ኢንች ያለውን የምትገዙት ሁለት ነገር ስታረጋግጡ ነው። አንደኛ፣ አካባቢው ትልልቅ ወርቅ ከጥልቀት ሰጥቶ ያውቃል። ሁለተኛ፣ መሬቱ ክፍት ነው፣ ኮይሉን ያለ እንቅፋት ማወዛወዝ ይቻላል። ሁለቱ ካልተሟሉ ገንዘባችሁን አታውጡ። ክብደቱንም እንደ ቀላል አትዩት፤ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያነሳችሁት ኮይል ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታችሁ ለስድስት ሰዓት ሲወዛወዝ ሌላ ነገር ነው፣ ክንድ ሲደክም ኮይሉ ከመሬት ይነሳል፣ ኮይሉ ከመሬት በተነሳ ቁጥር ደግሞ ለጥልቀቱ የከፈላችሁት ገንዘብ አየር ላይ ይቀራል።

ሞኖ፣ ዲዲ፣ ኮንሰንትሪክ

ልዩነቱ ውስጡ ያለው ሽቦ አጠቃለል ነው። ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ።

ሞኖ የሚባለው የሚልከውም የሚያዳምጠውም አንድ ጥቅል ነው። የፒአይ ማሽን ነገር ነው። በእኩል መጠን ከዲዲ ትንሽ ጠልቆ ያያል። ጠርዙ ላይ በጣም ስሜታዊ ስለሆነ ትንሽ ነገር ለይቶ ለማግኘት ኮይሉን ዘንበል አድርጋችሁ በጠርዙ ትነካላችሁ። ድክመቱ አፈሩ ክፉ ሲሆን መጮሁ ነው።

ዲዲ ሁለት የ"ዲ" ፊደል ቅርጽ ያላቸው ጥቅሎች መሀል ላይ ተደራርበው የተሠራ ነው። አንዱ ይልካል፣ አንዱ ያዳምጣል። ዋናው ስሜቱ ከፊት ወደ ኋላ በተዘረጋ ጠባብ መስመር ላይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚያየው አፈር ያንሳል፣ ክፉ መሬት ላይ ይረጋጋል። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ነገሮችንም ይለያል። ለአዲስ ሰው፣ በተለይ ቀይ አፈር ላይ፣ ዲዲ እመክራለሁ።

የጂፒኤክስ ባለቤቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሽኑ ያለው የብረት መለያ የሚሠራው ዲዲ ኮይል ሲገጠም ነው። ሞኖ ገጥማችሁ መለያውን ብታዞሩ ትርጉም የለውም። ሚስማርና ቆርቆሮ የበዛበት የድሮ ካምፕ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ብቻውን ምርጫችሁን ይወስናል።

ኮንሰንትሪክ አንዱ ጥቅል ትልቅ ሆኖ ከውጭ፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ መሀል ላይ የተቀመጠበት ነው። የመስኩ ቅርጽ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ነገሩ ያለው መሀሉ ስር ስለሆነ ቦታውን ለመለየት ይመቻል። ጋሬት ኤስ 200 እና 300 ከዚህ ጋር ነው የሚመጡት። ጊቢ ውስጥ የጠፋ ቀለበት ለመፈለግ ጥሩ ነው፣ ለወርቅ ሜዳ ግን በብረታማ አፈር ቶሎ ይረበሻል።

ስለ ቅርጽ ብዙ አትጨነቁ። ሞላላው ድንጋይና ቁጥቋጦ መሀል ይገባል፣ ክቡ በእኩል መጠን ትንሽ ጥልቀት ይጨምራል። በቃ።

ስትገዙ

ሐሰተኛ ማሽንና ኮይል አፍሪካ ውስጥ ተሰራጭቷል። ማይንላብ ራሱ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅበት የቆየ ጉዳይ ነው፤ በብዛት የሚመሰሉትም ታዋቂዎቹ ጂፒኤክሶች ናቸው። ስለዚህ ኮይሉ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን ለአምራቹ ልኮ መጠየቅ ይቻላል፤ ሻጩ ይሄን ከተቃወመ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። የኮይሉን ዙሪያ መጋጠሚያ በጣታችሁ ዳብሱት፣ ሙጫው የተንጠባጠበ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት። ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ፒኖች ቀጥ ያሉና ያልዛጉ ይሁኑ። ኮይሉን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በቀስታ ወዝውዙት፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር መሰማት የለበትም።

የሌላ አምራች ኮይል ሁሉ ፎርጅድ ነው ማለት ግን አይደለም። ኮይልቴክ እና ነጌት ፋይንደር የተባሉ የአውስትራሊያ አምራቾች ለማይንላብ ማሽኖች በራሳቸው ስም ኮይል ይሠራሉ፤ ጥሩ ናቸው።

ኮይል የሌለውን፣ አንቴና ብቻ ያለውን፣ "ወርቅ ከመቶ ሜትሮች ያሳያል" የሚባለውን ነገር አትግዙ። በምንም ዋጋ። እንደዚህ ዓይነት አንቴና ያለው የውሸት የቦምብ መፈለጊያ ለኢራቅ የሸጠ እንግሊዛዊ ነጋዴ በ2013 እ.ኤ.አ. 10 ዓመት ተፈርዶበታል፤ ውስጡ የሚሠራ ምንም ነገር አልነበረውም።

ሙከራው፣ ከተማ ውስጥ

ሱቅ ውስጥ የተሞከረ ኮይል አልተሞከረም። ወለሉ ኮንክሪት ነው፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ፌሮ አለ። ግድግዳውና በሩ ቆርቆሮ ነው። ላይ መብራት፣ ጎን ዋይፋይ፣ ኪስ ውስጥ ሞባይል። ማሽኑ ሲንጫጫ ሻጩ ስሜቱን ዝቅ ያደርግና "ይኸው ተስተካከለ" ይላል፤ እውነትም ዝም ይላል፣ ግን ትንሽ ወርቅም ከዚያ በኋላ አይሰማም። ኮይሉ ችግር ይኑርበት አይኑርበት እዚያ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ የአፈር ጊቢ ያለው ሰው ቤት ውሰዱት። ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመርና ከቀላል ባቡሩ ሀዲድ ራቁ፤ የባቡሩ ሽቦ 750 ቮልት ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ጃንሜዳ ሰፊ ነው ብላችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ ነገር ግን ሕዝብ በሚሰበሰብበት መሬት ላይ ቆርኪ ስለማይጠፋ ለንጽጽር አይመችም። አራት ኪሎ፣ ቤተ መንግሥትና ፓርላማ አካባቢ ደግሞ ማሽን ይዛችሁ አትወዝውዙ፤ ጥበቃዎቹ ቢይዟችሁ አልፈርድባቸውም።

ለሙከራ ወርቅ አያስፈልግም። እርሳስ ይበቃል፤ ለማሽኑ ከወርቅ ጋር ተቀራራቢ ምልክት ይሰጣል። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈውን አሮጌ ክብደት ጠይቁ። አንዳንዱ ብረት ስለሆነ በማግኔት ፈትሹት፤ የሚጣበቀውን ተዉት። ከቀሪው እርሳስ ሦስት ቁራጭ ቁረጡ፦ አንዱ የምስር ፍሬ የሚያህል፣ አንዱ የባቄላ፣ አንዱ ደግሞ ከዚያ የሚተልቅ። እርሳስ መርዛማ ነው፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጆች አይንኩት።

ከዚያ ቀለበት፣ ሰዓትና ብረት ያለው ቀበቶ አውልቁ፣ ሞባይሉን አጥፉና አርቁ። አፉ ብረት የሆነ የሥራ ጫማም አይሆንም። የፕላስቲክ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣችሁ ኮይሉን በላዩ አስቀምጡ። ማሽኑን አብሩና ለጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ሙቀቱ ይረጋጋ።

አሁን የልብስ ሰፊ ሜትር አዘጋጁ፤ የብረት ሜትር ራሱ ያስጮኸዋል። ትንሹን እርሳስ በእንጨት ላይ ለጥፋችሁ በኮይሉ ፊት አሳልፉት፣ እየራቃችሁ ድምፁ የሚጠፋበትን ርቀት ጻፉ። በባቄላውና በትልቁም ድገሙት። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ሌላውን ኮይል ግጠሙ። ማሽኑ እየሠራ ኮይል አይነቀልም። ያንኑ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማስተካከያ ድገሙት። አየር ላይ ያገኛችሁት ርቀት ሜዳ ላይ አይገኝም፣ መሬቱ ይቀንሰዋል። ሁለት ኮይል ለማወዳደር ግን ታማኝ ነው። ትልቁ ኮይል የምስሯን ቁራጭ ከትንሹ ባነሰ ርቀት ሲሰማት በዓይናችሁ ልታዩ ትችላላችሁ።

ሁለት ፈተና ይቀራል። ኮይሉን በእጃችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ኳኩ። ስሜቱ ጣሪያ ሳይነካ በትንሽ ንክኪ የሚጮህ ከሆነ ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ሣርና ድንጋይ ያስጮኸዋል። ገመዱን ደግሞ ሶኬቱና ኮይሉ መግቢያ አጠገብ ወዲያ ወዲህ አድርጉት፤ ከተቆራረጠ ውስጡ ሊበጠስ ነው። ከሁለቱ በአንዱም ቢወድቅ አትግዙ፣ ቅናሽ ቢያደርጉላችሁም።

ከገጠማችሁ በኋላ

ገመዱን በዘንጉ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። የሚወዛወዝ ገመድ የውሸት ድምፅ ይሰጣል። ኮይሉ አጠገብ ግን መታጠፊያው እንዲሠራ ትንሽ ላላ ይበል። ኮይል በቀየራችሁ ቁጥር ግራውንድ ባላንስ፣ ማለትም ማሽኑን ከመሬቱ ጩኸት ጋር ማስማማቱን፣ እንደገና ሥሩ፤ የቀድሞው ማስተካከያ ለአዲሱ አይሆንም።

ከስር የሚለበሰውን የፕላስቲክ ሽፋን አብራችሁ ግዙ። እያወለቃችሁም አጽዱት፤ በሽፋኑና በኮይሉ መሀል የሚገባው ቀይ አቧራ ብረትነት ስላለው ራሱ ይጮኻል፣ ሰው ግን ማሽኑ ተበላሸ ብሎ መርካቶ ይመልሰዋል። ኮይሉ ውሃ ይችላል ማለት ማሽኑ ይችላል ማለት አይደለም፤ ወንዝ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መመሪያውን እዩ። አውቶቡስ ላይ ስትጫኑ ኮይሉን ፈትታችሁ በልብስ ጠቅልላችሁ እጃችሁ ላይ ያዙት፣ ፖርቶማጋላ ላይ ከጤፍ ኩንታል ስር አይደር።

ወረቀቱንም ከጉዞው በፊት ጨርሱ። ማሽኑ የተገዛበትን ደረሰኝ ያዙ፤ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። ወርቅ ለማምረት ፈቃዱ ከምትሄዱበት ክልል የማዕድን መሥሪያ ቤት ይጠየቃል። የአካባቢውን ሽማግሌዎችም ሳታነጋግሩ መሬት አትንኩ። ድሮ ሰው የኖረበት ቦታ ላይ ሳንቲም፣ መስቀል ወይም ሌላ ጥንታዊ ዕቃ ከተገኘ ነገሩ የወርቅ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለሚመለከተው አካል ይገለጻል። ማሽኑን አጥፉ፣ ዕቃውን ከቦታው አታንሱ፣ ለአካባቢው ባህል ጽሕፈት ቤት ተናገሩ።